ማራቶን ከሮጥኩ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግማሽ ማራቶን ልሩጥ ወይስ ይቅርብኝ?

የሌሊት ፈረቃ (ዱባይ)፣ ረቡዕ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ የዱባይ ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ጨርሻለሁ፤ የመጀመሪያ ማራቶኔ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ የራስ አል ኻይማ ግማሽ ማራቶን አለ። ለሁለቱም የተመዘገብኩት መስከረም ላይ ነው፣ ገንዘቡንም ከፍያለሁ።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁ። ሰኞ ዕለት ደረጃ የምወርደው የእጅ መደገፊያውን ይዤ፣ በጎኔ ዞሬ ነበር። ከጉልበቴ በላይ ያለው ሥጋ ሲነካ ያመኝ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ቀሏል። የቀረኝ የግራ ባቴ ነው፤ ከእንቅልፌ ስነሣ ይከብደኛል፣ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ ይፍታታል። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድራለሁ። በዚያ ላይ ከማራቶኑ ማግሥት ጾመ ነነዌ ገባና ሦስቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜያለሁ።

ግራ ያጋባኝ ትንፋሼ ነው። ምንም አልጎደለበትም። ትናንት አውቶቡስ ለመያዝ ትንሽ ስሮጥ ደረቴ አልከበደኝም፤ እግሬ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል ዘግይቶ ነው የታዘዘኝ። ለማራቶኑ ስዘጋጅ ያጠራቀምኩት ጉልበት እንዳለ ያለ ስለሚመስለኝ ግማሹን ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በታች መግባት እመኛለሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ምን ይመክረኛል?

አረንጓዴው ጎርፍ (አዲስ አበባ)፣ ረቡዕ ማታ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ለመጀመሪያ ማራቶን 3:41 የሚያኮራ ነው። እኔ ሩጥ ባይ ነኝ።

የእኛ ሰዎች በድካም ላይ ድካም ደርበው ነው ታሪክ የሠሩት። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ወስዶ በሳምንቱ ማራቶኑን አሸነፈ፤ ያውም አየሩ በሳሳበት፣ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት በአንድ ቅዳሜና እሑድ እየሮጠ አምስት ዓመት በተከታታይ ሁለቱንም ወርቅ ወስዷል። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ነሐስ አግኝታ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማራቶኑን በ2:22:55 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ሌላው ሰው አርፎ ሲነሣ እርሷ ሁለት ውድድር ሮጣ ነው የቀረበችው።

ትንፋሽህ ሙሉ ከሆነ እግር ይከተላል። አይዞህ።

የሰንዳፋ አሠልጣኝ (ሰንዳፋ)፣ ሐሙስ ጠዋት

ወንድማችን የጠቀሳቸው ሁሉ እውነት ናቸው፤ እኔም ለልጆቼ የምነግራቸው ታሪክ ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። ማሞ ያስቀደመው 10,000 ሜትሩን ነው። ሲፋንም አጫጭሮቹን ጨርሳ ነው ወደ ማራቶኑ የሄደችው። የቼኮዝሎቫኪያው ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ሦስቱን ሲያሸንፍ 5,000ውንና 10,000ውን ጨርሶ ማራቶኑን የመጨረሻ አደረገው። የቀነኒሳ ሁለቱ ርቀቶች ቢደመሩ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከአንድ ግማሽ ማራቶን ያንሳሉ፣ የሚሮጠውም በሣርና በአፈር ላይ ነው። አንተ ግን ልጄ፣ የጀመርከው ከትልቁ ነው። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ያውም ሜዳ። ዳገትና ቁልቁለት ሲፈራረቅ ጡንቻዎች ሸክሙን ይቀባበላሉ፤ ሜዳ ላይ ግን የጀመረው ጡንቻ እስከ መጨረሻው ይሸከማል።

ስለ ትንፋሽህ የተሰማህ ትክክል ነው። ልብና ሳንባ ከማራቶን ቶሎ ይመለሳሉ። የሚዘገየው ሥጋው ነው። እግር መሬት ባረፈ ቁጥር ጭንና ባት እየተለጠጡ ክብደትህን ይይዛሉ፤ ይህ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም የጡንቻው ክሮች ይቆሳስላሉ። ሕመሙ በሦስት በአራት ቀን ይጠፋል፣ ቁስሉ ግን ከሕመሙ በኋላ ይቆያል፤ ጡንቻውም ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። ሯጭን የሚያሳስተው ይህ ነው። ትንፋሹ ስለፈቀደለት ይፈጥናል፤ እግሩ እንቢ የሚለው ግን መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ፣ 14ኛው ወይም 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ አረማመድ ይበላሻል፣ ዳሌ ይወርዳል፣ ሸክሙ ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ይዞራል። ብዙ ልጆች ከሜዳ የራቁት በውድድሩ ሳይሆን ከውድድሩ ቀጥሎ በመጣው ችኮላ ነው።

ሯጮች ዘንድ የቆየ መለኪያ አለ፤ ለተወዳደርክበት ለእያንዳንዱ 1.6 ኪሎ ሜትር አንድ ቀን ከከባድ ሩጫ ትርቃለህ። ለማራቶን 26 ቀን ይመጣል። ከሰው ሰው ይለያያል፤ በሃያ ቀን የሚመለስ አለ፣ ሠላሳ አምስት የሚፈጅበትም አለ። አንተ ያለህ ግን የዚያ ግማሽ ነው።

ሂሳቡንም ልሥራልህ። ማራቶንህን ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ሮጠሃል። ከ1:45 በታች ለመግባት በ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ መሄድ አለብህ። ባረፈ እግር ቢሆን ይህ ካንተ የራቀ አልነበረም። አሁን ባለው እግርህ ግን አልፈቅድልህም። አትወዳደር።

ነርስ ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ሐሙስ

ሁሉም ስለ ሰዓት ሲነጋገር እኔን ያሳሰበኝ የግራ ባትህ ነው። ሁለቱም ባቶችህ ቢያምሙህ ኖሮ የማራቶን ነው ብዬ አልፈው ነበር። አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ያውም ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው ሲሆን፣ የደም መርጋት እንዳይሆን ማጣራት ያስፈልጋል። ነው ማለቴ አይደለም። እንደገለጽከው ሲራመዱ የሚፍታታው አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ መወጠር ነው። ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልግ። ከጉልበት ሎሚህ በታች ከምትዳስሰው የአጥንት እብጠት 10 ሴንቲ ሜትር ወርደህ የሁለቱንም ባቶችህን ዙሪያ ለካ። የግራው ከቀኙ በ3 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ወይም ቆዳው ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ካበጠ፣ አታሸው፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ሽንትህስ እንዴት ነው? ከማራቶን በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ነው ማለት ነው፤ ያም ሐኪም የሚያስፈልገው ነው። ጠዋት ከአልጋህ ሳትወርድ የልብ ምትህን ቁጠር። ከወትሮው በደቂቃ ስምንትና አሥር ጨምሮ ከሰነበተ ሰውነትህ ገና ሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር አደራ፤ ሕመም ማስታገሻ ውጠህ እንዳትሮጥ። አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ባትህ ሊነግርህ የሚፈልገውን አፍ መዝጋታቸው ነው።

ስለ ጾሙ የሚመክርህ የንስሐ አባትህ ነው፤ እኔ የምነግርህ የሰውነትን ሥራ ብቻ ነው። ማራቶን ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ጠርጎ ይወስደዋል። ያ ክምችት የሚሞላው በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት በሚበላው እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንች ነው። አንተ እነዚያን ቀናት በጾም ስላሳለፍካቸው መሙላቱ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ስለዚህ ካሁን ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉትን ቀናት ተጠቀምባቸው። በፍስኩ ቀን እንቁላልና ሥጋ፣ በረቡዕና ዓርብ ምስርና ሽሮ ከፍ ባለ መጠን። የማታውን ሥራ ስትጀምር በሶ በጥብጠህ ያዝ፤ ቴምር ደግሞ እናንተ አገር የሚቸግር አይደለም።

ሻርጃ ማለዳ (ሻርጃ)፣ ሐሙስ ማታ

ራስ አል ኻይማን ሮጬዋለሁ፤ ስለ መንገዱ ልንገርህ። አል ማርጃን ደሴት ላይ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ። አባብል የሻነህ እ.ኤ.አ. በ2020 በ1:04:31 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚሁ ውድድር ነው፤ ግርማዊት ገብረ እግዚአብሔርም እ.ኤ.አ. በ2022 በ1:04:14 አሸንፋበታለች። ፈጣን መሆኑን የምነግርህ እንድትሮጠው ሳይሆን እንድትጠነቀቀው ነው። ማለዳው ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሕዝቡ ይነጉዳል፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ሳታስበው በማራቶን ፍጥነትህ ወይም ከዚያ በላይ ልትጨርሳቸው ትችላለህ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ስትወጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል።

ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። መወዳደርና መሮጥ የተለያዩ ናቸው። ከእኛ መካከል ሁለቱን ውድድሮች በየዓመቱ የሚሮጡ ሴቶች አሉ፤ ሁለተኛውን ግን እንደ እሑድ ረጅም ልምምድ፣ እያወሩ ነው የሚሮጡት። ሰዓታቸውን በእጃቸው አያስሩም። ባቱ ነጻ ሆኖ ከተገኘ ይህ ልጅ ኪሎ ሜትሩን በ6:30 ቢሄድ ምን ይሆናል? በዚህ አገር በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ላለው ሰው፣ ማለዳ ተነሥቶ ከብዙ ሕዝብ ጋር መንገድ ላይ መዋል ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቅዳሜ ስለሆነች ሁላችንም ከዚያ በኋላ ቅበላ አንድ ላይ እንበላለን።

የሌሊት ፈረቃ (ዱባይ)፣ ዓርብ ጠዋት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሥራ እንደገባሁ ባቴን ለካሁ፦ ቀኙ 37 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው 37 ተኩል። አልሞቀም፣ አልቀላም። ሽንቴም ንጹሕ ነው። የልብ ምቴ ግን ወትሮ 54 ነበር፣ ዛሬ 61 ሆኗል።

ጋሼ፣ የሰጡኝ ሂሳብ ገብቶኛል፤ 1:45 የሚለውን ትቼዋለሁ። ከእርስዎ የምጠይቀው አሁን ሌላ ነው። ታናሽ እህቴ አቡ ዳቢ ውስጥ ሰው ቤት ሕፃናት ትንከባከባለች። እርሷም ለዚሁ ግማሽ ማራቶን ተመዝግባለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። በዕረፍት ቀኗ ኮርኒሹ (የባሕር ዳሩ መንገድ) ላይ ትሮጣለች። በሌሎቹ ቀናት ሕፃናቱ ቀን ሲተኙ የሕንፃውን ደረጃ አሥራ ሁለት ፎቅ እየወጣች፣ በአሳንሰር እየወረደች፣ መልሳ እየወጣች ነው የተዘጋጀችው። በ2 ሰዓት ተኩል ልትጨርስ ታስባለች። ያ ማለት ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ለእኔ ከሶምሶማም የዘገየ ነው። አሯሯጭ ሆኜ አብሬያት ብሄድስ?

የሰንዳፋ አሠልጣኝ (ሰንዳፋ)፣ ዓርብ

እህትህ ጎበዝ ናት። ደረጃ መውጣቷ ጥሩ ነው፤ በአሳንሰር መውረዷ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፣ እግርን የሚጎዳው መውረዱ ነውና። ማን እንዳስተማራት ባውቅ ደስ ይለኛል።

ያልከው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ዝግታ ሸክምን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። አንተ በተፈጥሮ አረማመድህ 1 ሰዓት ከ50 የሚፈጅብህን መንገድ በ2 ሰዓት ተኩል ስትሄድ እግርህ ላይ 40 ደቂቃ ይጨመራል፣ እርምጃውም ይበዛል። ካንተ ካልሆነ ፍጥነት ጋር ሲሄዱ ደግሞ ሰውነት ይጎተታል፣ ተረከዝ ላይ መጣል ይመጣል፣ ባት ይወጠራል። የታመመው ባትህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። እስከ ማክሰኞ ሩጫ የለም፤ መራመድ ብቻ፣ ብስክሌት ካገኘህ ብስክሌት። ማክሰኞ 5 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ፣ ሐሙስ ሌላ 5። ከሁለቱም በኋላ በማግሥቱ ጠዋት በባዶ እግርህ ግድግዳ ተደግፈህ በአንድ እግር ቁም፤ ተረከዝህን እያነሣህ በጣቶችህ ላይ ሃያ ጊዜ ውጣ። በቀኝ ሃያ፣ በግራ ሃያ። ግራው አሥራ አምስት ላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከቀኙ ዝቅ ብሎ ከወጣ፣ ቅዳሜ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመህ እህትህን ተቀበላት። እኩል ከወጡ ልትነሣ ትችላለህ፤ ግን የዓርብ ሌሊት ሥራ አይኖርህም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ማለዳ 21 ኪሎ ሜትር አይሄድም።

ሌላው፣ መንገድ ላይ ባትህ ከተያዘ ትወጣለህ። እንዲህ ስልህ የፈሪ ምክር እንዳይመስልህ። ማሞ ባሸነፈበት በዚያው የሜክሲኮ ማራቶን አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ነው። እርሱ መውጣት ከቻለ ማንም ይችላል።

ሻርጃ ማለዳ (ሻርጃ)፣ ዓርብ ማታ

ጋሼ ያሉት ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን የሌሊት ፈረቃን አንድ ነገር ልጠይቀው፦ እህትህን ጠይቀሃታል? ወራቱን ሙሉ ብቻዋን ነው የተዘጋጀችው። በደረጃው ላይ ማንም አልነበረም። ወንድሟ ከጎኗ ሆኖ ፍጥነቷን እየቆጠረ፣ ውኃ እያቀበለ፣ አይዞሽ እያለ ሲሄድ ደስ ይላት ይሆናል፤ ላይላትም ይችላል። ብዙ ጊዜ ወንድሞቻችን ሊረዱን ሲመጡ ሩጫው የእነርሱ ይሆናል። ይህን የምለው በቅንነት ነው፣ አትቀየመኝ።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፣ ቅዳሜ

በመካከል ለመግባት ይቅርታ። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው። ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትሩን አዲስ አበባ ላይ በሙሉ አቅሜ ሮጬ በሳምንቱ እዚህ ሐዋሳ የግማሽ ማራቶን ያህል ርቀት ከጓደኞቼ ጋር መሮጥ እፈልጋለሁ። እኔም 26 ቀን ልጠብቅ?

የሰንዳፋ አሠልጣኝ (ሰንዳፋ)፣ ቅዳሜ

አያስፈልግህም። ለ10 ኪሎ ሜትር በዚያው መለኪያ ስድስት ቀን ገደማ ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ፤ ስትወርድ ትንፋሽ ታገኛለህ፣ ሙቀቱ ግን መልሶ ይወስድብሃል። ማለዳ ተነሡ፣ ውኃ ያዙ፣ ከጓደኞችህ ጋር እሽቅድምድም አትጀምሩ።

አረንጓዴው ጎርፍ (አዲስ አበባ)፣ ቅዳሜ

ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉን በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር ልሟገትዎ። ታላላቆቹ ሯጮች የሚደክሙት ከእኛ በላይ ነው፣ ደግሞም ቶሎ ይመለሳሉ። ይህ የልምምድ ውጤት ከሆነ እኛም በድካም ላይ መሮጥን ካልተለማመድን እንዴት እንለምደዋለን?

የሰንዳፋ አሠልጣኝ (ሰንዳፋ)፣ ቅዳሜ ማታ

ጥያቄህ የሚገባ ነው። በድካም ላይ መሮጥን እናለማምዳለን፤ በልምምድ እንጂ በውድድር አይደለም። ሐሙስ ከባድ፣ ዓርብ ቀላል፣ ቅዳሜ ረጅም ስንሠራ ቅዳሜ የሚነሣው እግር የደከመ ነው፤ ያ ታስቦበት ነው። ድካሙ ግን የተለካ ነው፣ አሠልጣኙ በዓይኑ ያየዋል፣ ልጁም ከልምምድ በኋላ በልቶ ቀኑን ይተኛል። ታላላቆቹ ቶሎ የሚመለሱበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፦ ሩጫ ሥራቸው ነው፣ ዕረፍትም ሥራቸው ነው። እንደዚያም ሆነው አብዛኞቹ በዓመት ከሁለት ማራቶን በላይ አይሮጡም። ማራቶን ሮጦ በማግሥቱ ሌሊቱን እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሞ የሚያድር ሻምፒዮን አላየሁም። ይህ ልጅ ከእነርሱ ያነሰ አይደለም፤ የሚያርፍበት ሰዓት ነው ያነሰው። ለእርሱ ምክር ስንሰጥ የእነርሱን ቀን ሳይሆን የእርሱን ቀን ይዘን መሆን አለበት።

የሌሊት ፈረቃ (ዱባይ)፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። ማክሰኞ 5 ኪሎ ሜትር ሄድኩ፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከባድ ነበር፣ ከዚያ ተለቀቀ። ረቡዕ ጠዋት በሁለቱም እግሮቼ ሃያ ሃያ ወጣሁ፤ ግራው መጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ጠዋት ግን እኩል ነበሩ። የልብ ምቴ 55 ሆኗል። የዛሬውን ሌሊት ፊሊፒናዊ የሥራ ባልደረባዬ ይዞልኛል፤ እኔ የእርሱን እሑድ እይዛለሁ።

እህቴንም ጠየቅኳት። «ና፣ ግን ፍጥነቴን አትንገረኝ፣ ውኃም አታቀብለኝ፤ እስከ 15 አብረን እንሂድና ከዚያ ራሴን ልየው» አለችኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ 15 ላይ እወጣለሁ ወይም ከኋላዋ እቀራለሁ፤ ባቴ ቀድሞ ከተናገረ ቀድሜ።

ነርስ ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ዓርብ

ጥሩ ነው። ዛሬ በጊዜ ተኛ። ነገ ጠዋት ባቱ ሲነካ የሚያምህ አንድ ነጥብ ካለ፣ በጣትህ ጫፍ ልትጠቁመው የምትችለው ዓይነት፣ አትነሣ። የተበተነ ሕመም አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ በአንድ ቦታ የተወሰነው ነው፣ በተለይ አጥንት ላይ ከሆነ። ለእህትህም ንገራት፤ በየጣቢያው የተሰጣትን ውኃ ሁሉ መጠጣት የለባትም። በዝግታ የሚሮጡ ሰዎች ከመጠን በላይ ጠጥተው በደማቸው ያለው ጨው የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ሲጠማት ትጠጣ።

የሌሊት ፈረቃ (ዱባይ)፣ ቅዳሜ ማታ

ተመልሰናል። ዱባይ ከሚኖሩ ጓደኞች ጋር ገና ሳይነጋ በመኪና ሄድን። ነፋሱ ሻርጃ ማለዳ እንዳለችው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮችም እንዳለችው። ሰው ሁሉ ጥሎን ሲሄድ እህቴ ቀና ብላ አላየችም። እኔ ነኝ ሁለት ጊዜ ያፈጠንኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇን ብቻ ወደ ታች አድርጋ ምልክት ሰጠችኝና ተመለስኩ።

15 ላይ ደህና ነበርኩና አንድ ኪሎ ሜትር ጨመርኩ። 16 ላይ የግራ ባቴ ተያዘ። ሕመም አልነበረም፣ መጠንከር ነው። «እዚህ ነው የምቀረው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ቀጠለች፤ ዞራም አላየችኝ። ወደ ጎን ወጥቼ ለበጎ ፈቃደኛዋ ማቋረጤን ነገርኳትና በእግሬ ወደ መጨረሻው መስመር ሄድኩ። ስደርስ እህቴ ሜዳሊያዋን አድርጋ ብርቱካን እየላጠች ነበር። 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ። እስከ 16 አብረን የሄድንበትን ሳሰላው የመጨረሻዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ፈጥና ነው የሮጠቻቸው፤ እያንዳንዱን በ6 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገደማ።

የሰንዳፋ አሠልጣኝ (ሰንዳፋ)፣ ቅዳሜ ማታ

የመጨረሻውን ክፍል ከመጀመሪያው አስበልጦ መሮጥ ብዙ ዓመት የሠለጠኑ ልጆች የሚያቅታቸው ነገር ነው። በመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗ አደረገችው። ለእህትህ ከእኔ ሰላምታ አድርስልኝ፤ ልምምዷን ልትጽፍልኝ ከፈቀደች ማየት እፈልጋለሁ። አንተም በመውጣትህ አመስግኜሃለሁ። አሁን አሥር ቀን ሩጫ የለም።

ነርስ ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ቅዳሜ

ባቱን አሁን ንካው። አንድ ነጥብ ነው ወይስ የተበተነ? እንደገና ለካው፣ ነገ ጠዋትም እንዲሁ።

የሌሊት ፈረቃ (ዱባይ)፣ እሑድ ጠዋት

የተበተነ ነው፣ ነጥብ የለውም። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም 37 ተኩል ናቸው። ትናንት ማታ ሻርጃ ማለዳ ቤት ክትፎ በልተናል፣ ዐቢይ ጾም ነገ ይገባል። ጋሼ፣ እህቴ ልምምዷን በድምፅ ቀድታ ልትልክልዎ ነው፤ ለመጻፍ ጊዜ የላትም፣ ሕፃናቱ ነቅተዋል። አንድ ጥያቄ ግን አላት፦ የሚቀጥለውን ሳምንት ደረጃውን መውጣት ትችላለች ወይስ ለእርሷም ያው የዕረፍት ቀን መቆጠር አለበት?

የሰንዳፋ አሠልጣኝ (ሰንዳፋ)፣ እሑድ

ለእርሷም ይቆጠራል። ለ21 ኪሎ ሜትር 13 ቀን ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ትተው፤ በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ፎቅ፣ በእርጋታ፣ በመራመድ። መውረዱ አሁንም በአሳንሰር ይሁን።